ለሮዚ ጀርባ የሚመች ፓድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን በእጄ ያስያዙኝ ዕቃ የሕፃን ፍራሽ መስሎኝ ነበር። ወፍራም፣ ግራጫ፣ አራት ማዕዘን ነገር ነው። አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ቤት ስሠራ ከሸሚዝ እስከ ካፖርት ያልሰፋሁት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ግን አይቼም አላውቅ። "የማን ልጅ ነው የሚተኛበት?" ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ፣ እንግሊዝኛው ስላልመጣልኝ ዝም አልኩ። ጌታ ነው ያወጣኝ።

ዕቃው ሳድል ፓድ ነው። ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ፈረሱ ጀርባ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ማለት ነው። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ካልጋሪ፣ ከኢንተርናሽናል አቬኑ ወረድ ብሎ ያለ የፈረስ ዕቃ ሱቅ። ፊት ለፊቱ መሸጫ፣ ጓሮው ወርክሾፕ። ባለቤቷ ማርጋሬት ትባላለች። በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ኮርቻ ሠሪ ናት። እዚህ አገር አለቃ በስሙ ነው የሚጠራው ስላሉኝ በድፍረት "ማርጋሬት" አልኳት እንጂ፣ በልቤ ለብዙ ጊዜ "እትዬ ማርጋሬት" ነበረች።

የእኔ ሥራ የፓዱን ጠርዝ በቆዳ መክፈፍ ነበር። ማሽኑ እኔ የማውቀው የልብስ መኪና አይደለም። ቆዳ የሚበሳ፣ መርፌው ሚስማር የሚያህል፣ ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት የሚፈረጥጥ ጉድ ነው። ገና ጠዋት አንድ መርፌ ሰበርኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ። ማርጋሬት ከጠረጴዛዋ ተነስታ ስትመጣ ልታባርረኝ ነው ብዬ ኮቴን ለማንሳት እጄን ዘርግቼ ነበር።

"ስትቸኩዪ ማሽኑ ይሰማዋል። ቀስ በይ" አለችኝና አዲስ መርፌ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ተመልሳም ሥራዋን ቀጠለች። ያኔውኑ ወደድኳት፤ ዛሬም ስሟን ሳነሳ ደስ ይለኛል።

ቀስ በቀስ ዕቃውን ለየሁት። ፌልት የሚባለው ተጠቅጥቆ የጠነከረ ሱፍ ነው፤ ሲነኩት ሻከር ይላል፣ የሚስብ ነገር የለውም። ፎሙ ስፖንጅ ነው፤ ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ይነሳል። ከሥሩ የበግ ፀጉር የመሰለ ለስላሳ ነገር የተሰፋበትም አለ። ካስተመር ሁሉ ሱቁ ሲገባ አንድ ነገር ያደርጋል፦ በመዳፉ ይጫናል። ፎሙ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይፈታል። "ኦ፣ ይሄ ይመቻል!" ይላል። እኔም ጓሮ ሆኜ "ምን ያንሰዋል፣ እውነቱን ነው" እል ነበር።

ማርጋሬት ማንንም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ካውንተር ላይ አታቆምም። መጀመሪያ፣ ያገለገሉ ፓዶችን ማጽዳት ነበረብኝ። ጠርዛቸው ተልጦ ለጥገና ይመጣሉ። ገልብጬ የተጣበቀውን ፀጉር በብሩሽ አራግፋለሁ። ሳራግፍም ማየት ተማርኩ። ደህና የተቀመጠ ፓድ ሆዱ ግራና ቀኙ እኩል ቆሽሾ ይመጣል። ደህና ያልተቀመጠው አንድ ቦታ ላይ ተረግጦ፣ እንደ ጠፍጣፋ ሳንቲም ያበራል። "እዚያ ጋ ፈረሱን አሞታል" ትለኛለች ማርጋሬት በእርሳስ ጫፍ እያሳየች። ሌላ ማብራሪያ የለም። ጠይቄ ካልጨቀጨቅኋት በቀር አትናገርም፤ እኔ ደግሞ መጨቅጨቅ አይደክመኝም።

አሁን ወደ ጉልበት ነገር ልምጣ። የእኛ የአማርኛ ጉባኤ በዚያን ጊዜ የሚሰበሰበው የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ረቡዕ ረቡዕ የእናቶች ጾም ጸሎት አለ፤ እናቶቻችን ተንበርክከው ከጀመሩ የሚያስነሳቸው የለም። መሪያቸው እትዬ ለተብርሃን ነበሩ። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሆቴል ላውንድሪ የሚሠሩ፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከበር የሚሰማ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን ጉልበታቸውን እያሹ ጠሩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ያ የምትሰፊው የፈረስ ፍራሽ ቁራጭ የለውም እንዴ?"

"ሞልቷል እትዬ፤ ቆሻሻ ነው የሚጣለው።"

"ታዲያ ሲጣል ዝም ብለሽ ታያለሽ? የእኛ ጉልበት ከፈረስ ጀርባ አነሰ?"

ማርጋሬትን ጠየቅኳት፤ አንድ ሙሉ ከረጢት ሰጠችኝ። ፎምም ፌልትም ተቀላቅሎበታል። ረቡዕ ዕለት ከረጢቱን ስፈታ እነዚያ ቅዱሳን እናቶች ፎሙ ላይ ተሻሙላችሁ። ፌልቱን የወሰዱት ዘግይተው የመጡት ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያጉረመረሙ።

ሳምንታት አለፉና ነገሩ ተገለበጠ። ፎም የያዙት ቀደም ብለው እየመጡ የፌልት ቁራጭ መደበቅ ጀመሩ። እትዬ ለተብርሃን የራሳቸውን ፎም ወደ እኔ ወረወሩት። "ወስጂልኝ ይቺን አታላይ! መጀመሪያ ታቅፍሻለች፤ ጸሎቱ ሲሞቅ ሲሚንቶው ላይ ትጥልሻለች። ይሄ ሻካራው ነው እስከ መጨረሻ የሚቆመው" አሉኝ።

ይሄን ለማርጋሬት ያወራኋት ለሳቅ ብዬ ነው። አልሳቀችም። መቀሷን አስቀምጣ "ለስንት ሰዓት ነው የሚንበረከኩት?" አለችኝ። ስነግራት ቅንድቧ ተነሳ። "አንድ ሰው ፈረስ ላይ ከሚቀመጠው በላይ ነው እኮ" አለች። በነጋታው ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራምና በጣም ወፍራም አድርጋ ፌልት ቆራርጣ "ለእናቶቹ ስጪልኝ፤ የሚሉትን ንገሪኝ" ብላ ላከችኝ። እኔም ረቡዕ ማታ ጠይቄ ሐሙስ ጠዋት እነግራታለሁ። ቀጭኑ ያማል። በጣም ወፍራሙ ደግሞ ያነዋውጣል፤ ጉልበት አይረጋበትም፣ ሰው ላለመውደቅ ሲታገል ጸሎቱን ይረሳል። ደህናው መሀለኛው ነው። ማርጋሬት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ይህን ሁሉ ድሮም ታውቀዋለች፤ ግን ፈረስ አፍ አውጥቶ ነግሯት ስለማያውቅ ከተሸካሚ አፍ መስማቱ ደስ አላት። እናቶቹን ኮሚቴ ብላ ሰየመቻቸውና "ኮሚቴው ምን አለ?" ማለት የሱቁ ወግ ሆነ።

ሚስተር ዴል የመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ማለቴ ወደ ካውንተር ከወጣሁ በኋላ። የማርጋሬት የቆየ ደንበኛ ናቸው። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዳሌያቸውን የታመሙ፣ ከከተማው በስተደቡብ ትንሽ እርሻ ያላቸው ሽማግሌ። ያለቻቸው አንዲት ፈረስ ናት፣ ሮዚ የምትባል። እሳቸው መወጣጫ እርከን ላይ ቆመው፣ እግራቸውን በእጃቸው አንስተው ኮርቻ ላይ እስኪያወጡ ሳትነቃነቅ የምትጠብቃቸው እሷ ብቻ ነበረች። ሌላ ፈረስ ላይ መውጣት አይችሉም። ሮዚ ከሄደች የሚስተር ዴል መጋለብ አበቃ ማለት ነው።

ሮዚ ደግሞ ተቀየረችባቸው። ኮርቻ ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች፤ ጠፍሩን ሆዷ ላይ ሲያስሩ ዞራ ትነክሳለች። በመጨረሻም ጣለቻቸው፤ እጃቸው ተሰበረ። የእንስሳት ሐኪም ጥርሷንና እግሯን አይቶ ደህና ናት አለ። ሴት ልጃቸው ካረን አልቻለችም፤ ገዢ ፈልጋ አገኘችና ወሩ ሲያልቅ መኪና ይዞ መጥቶ እንዲወስዳት ቀጠረችው።

ሚስተር ዴል መድኃኒቱን ያገኙት መስሏቸው በመጡ ቁጥር አንድ ፓድ ይገዛሉ። ከበፊቱ የለሰለሰ፣ ከበፊቱ የወፈረ። አሮጌው ላይ አዲሱን ይደርቡበታል። ማርጋሬት "ዴል፣ አትጨምርባት፤ ቀንስላት" ስትላቸው ከረመች። አይሰሙም። "አርጅታለች፤ አጥንቷ ወጥቷል። ልስላሴ ነው የሚያስፈልጋት" ነው መልሳቸው። የሚሉት ከፍቅር ስለሆነ መቆጣትም አይቻል።

አንድ ቅዳሜ፣ የተሰበረ እጃቸው ከጀሶ በወጣ ሰሞን መጡና ከሁሉ የወፈረውን ፎም ካውንተሩ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ይጫኑ ጀመር። እትዬ ለተብርሃንም እንዳጋጣሚ ቁራጭ ሊወስዱ መጥተው በሩ ጋ ቆመዋል። ዓይናቸው ፎሙ ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ምን ሊያደርጉት ነው እኚህ ሰውዬ?"

ነገሩን ባጭሩ ነገርኳቸው፦ የፈረሷን ሕመም፣ የልጃቸውን ጭንቀት፣ የገዢውን ቀጠሮ።

"ንገሪያቸው! ይሄ ለእጅ ነው እንጂ ለተሸካሚ አይሆንም በያቸው!"

"እትዬ፣ ማርጋሬት ነግራቸው ነግራቸው እንቢ ብለዋል።"

"በወሬ ነዋ የነገረቻቸው።" ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉና ወደ ካውንተሩ ሄዱ። "ተንበርከኩ በያቸው።"

"ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ መንበርከክ አይችሉም።"

"እንግዲያው ክርናቸውን ያኑሩበት። ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ይቁሙ። እኔ እጸልይላቸዋለሁ። አሜን እስክል ክርናቸውን እንዳያነሱ።"

እኔ በኀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ተንተባትቤ ተረጎምኩ። ሚስተር ዴል ማርጋሬትን አዩ፤ ማርጋሬት ባርኔጣዋን አወለቀች። ሽማግሌው ሁለት ክርናቸውን ፎሙ ላይ አኑረው፣ ደረታቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የፈረሷ ስም ማን ነው?" አሉኝ እትዬ ለተብርሃን።

"ሮዚ።"

ጀመሩ። ጌታን አመሰገኑ፤ ፍጥረትን ሁሉ አመሰገኑ። ስለ ሚስተር ዴል ዳሌ ጸለዩ፤ ስለ ካረን ልብ ጸለዩ፤ ስለ ሮዚ ጀርባ ለብቻው ቆመው ጸለዩ። ሌላ ካስተመር ገብቶ ነገሩን ሲያይ እሱም ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስተር ዴል መጀመሪያ ላይ ተመችቷቸው ነበር። ጸሎቱ ወደ ማርጋሬት ሱቅ በረከት ሲዞር ቀኝ ክርናቸውን አንቀሳቀሱ። ወደ አልበርታ ገበሬዎች ዝናብ ሲዞር ግራውን። አሜን ሲባል እንደተቃጠለ ሰው ቀና አሉ።

"እንጨቱ ተሰማኝ" አሉ ክርናቸውን እያሹ።

"ሁለት ይደርቡልኝ ካሉ ይደረብላቸው" አሉ እትዬ። ደረብኩላቸው። ሁለተኛው ጸሎት አጭር ነበር፤ ክርናቸው ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ገና በግማሹ ሚዛናቸውን ሳቱ። ከዚያ አንዱን ፌልት አነጠፍኩ። ሦስተኛው ጸሎት እንደ መጀመሪያው ረዘመ፤ ሚስተር ዴልም አሜን እስኪባል አልተነቃነቁም።

ሲነሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እና እኔ ሮዚን..." ብለው አልጨረሱትም።

"ስንት ጊዜ ነገርኩህ" አለቻቸው ማርጋሬት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

"አንቺ ሻጭ ነሽ። ሻጭ አትግዛ ሲለኝ ከዚህ የባሰ ውድ ነገር ሊያመጣብኝ ነው ብዬ ነዋ!"

ማርጋሬት ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

በነጋታው እሑድ፣ ከጉባኤ መልስ፣ ማርጋሬት ይዛኝ እርሻው ሄድን። ሮዚ ዳማ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ካረን በረት በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሚስተር ዴል እንደወትሯቸው ሲጭኑ አሳዩን። አራት ደርብ ነበር። ከሁሉም ሥር ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ሮዝ ቀለም ያለው የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ! ኮርቻው ከላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። እንዳይዞር ደግሞ ጠፍሩን አጥብቀው ያስራሉ፤ ባሰሩት ቁጥር ይቆነጥጣታል። ጠባብ ጫማ ውስጥ ካልሲ ላይ ካልሲ እንደመደረብ ነው።

ማርጋሬት ሁሉንም አወረደችና ጣቶቿን በሮዚ ጀርባ ግራና ቀኝ አስሄደች። ከትከሻዋ በስተኋላ ስትደርስ ሮዚ ወገቧን ሰበር አድርጋ ሸሸች። እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ፀጉር በቅሏል። ጫና ለብዙ ጊዜ ያረፈበት ቦታ እንዲህ ይነጣል።

"ክፉ አልሆነችም። ታማ ነው" አለች ማርጋሬት።

ካረን አላመነችም፤ አልፈርድባትም። "አባቴን ሁለተኛ ብትጥለው እጁ ብቻ አይደለም የሚሰበረው። ያን ጊዜ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ፈረሷ ናት ወይስ እናንተ?" አለችን።

ማርጋሬት ጣቷን ከነጩ ፀጉር ላይ አነሳች። "ገዢው እስኪመጣ ኮርቻ አይነካት፤ ትረፍ። ሊመጣ በዋዜማው ጠዋት አንቺ ራስሽ ጫኛት። ከነከሰችሽ ትሂድ" አለቻት። ካረን ተስማማች። ሚስተር ዴል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ብሩሽ ይፈልጉ ጀመር፤ ብሩሹ በእጃቸው ነበር።

ያን ፓድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማርጋሬት የሮዚን ጀርባ በሽቦ ለክታ ቅርጹን አመጣችልኝ። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ፌልት መረጥን። ከኮርቻው ዙሪያ ትንሽ ብቻ እንዲተርፍ አድርጌ ቆረጥኩት። ትከሻዋ ላይ ከፍ ያለው አጥንት እንዳይነካ ፊቱን ጎድጎድ አደረግኩለት፤ መሀሉን የጀርባዋን ቅርጽ እንዲከተል አጎበጥኩት። ጠርዙን ስከፍፍ የቆዳው ስፌት ከጀርባዋ ጋር እንዳይገናኝ ወደ ላይ አዞርኩት። ማርጋሬት አገላብጣ አየችውና "ኮሚቴው አይቶታል?" አለችኝ።

"እትዬ ለተብርሃን ረቡዕ ተንበርክከውበታል።"

"ምን አሉ?"

"'ለእኔም አንድ ስሪልኝ' አሉ።"

የዋዜማው ጠዋት ብርድ ነበር፤ የሮዚ ትንፋሽ ይታያል። ካረን አባቷን ገፋ አድርጋ ራሷ ቀረበች። ማርጋሬት በቃል ትመራታለች። "ፓዱን ወደ አንገቷ አስጠግተሽ አኑሪው። አሁን ወደ ኋላ ሳቢው፤ ፀጉሩ እንዲተኛ። ወደ ፊት መልሰሽ አትግፊው።" ካረን እንደተባለችው አደረገች። ሮዚ ጆሮዋን አስተኛች፤ አንገቷን አዞረች። ጥርሷ የካረን እጅጌ አጠገብ ደረሰ።

ሮዚ ፓዱን አሸተተችው። ቆማ ጠበቀች።

ኮርቻው ወጣ። ካረን ፓዱን ከመሀል ላይ በጣቷ ወደ ኮርቻው ሆድ ከፍ አደረገችው፤ አየር እንዲያልፍና የሮዚ የጀርባ አጥንት ነፃ እንዲሆን። ጠፍሩንም ቀስ እያለች፣ እያሳረፈች አሰረች። ሮዚ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀችና ራሷን ዝቅ አደረገች። ካረን ጠፍሩን እንደያዘች ቀረች። ሚስተር ዴል እርከናቸው ላይ ወጡ፤ እግራቸውን በእጃቸው አነሱ፤ ብዙ ታገሉ። ሮዚ አልተነቃነቀችም።

አጥሩን በእርምጃ፣ ከዚያም በሶምሶማ ዞሩት። ሲመለሱ ማርጋሬት ኮርቻውን አውርዳ ካረንን ጠራቻት። የሮዚ ጀርባ ግራና ቀኙ እኩል በላብ ርሷል፤ መሀሉ ላይ፣ የአጥንቱ መስመር ብቻ ደረቅ ነው። "ጫና የሚበዛበት ቦታ ላብ አያወጣም፤ በእርጥቡ መሀል እንደ ደሴት ደርቆ ይታያል። ፈልጊ" አለቻት። ካረን ፈለገች። የለም። እርጥቡ ጀርባ ላይ መዳፏን አኑራ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። የኩሽናው መስኮት ክፍት ስለነበር ስልክ ስታወራ ሰማናት። "አይ፣ ነገ እንዳትመጡ። አንሸጣትም። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ" አለች።

ሚስተር ዴል የሮዚ አንገት ውስጥ ፊታቸውን ቀበሩ። ማርጋሬት ወደ መኪናዋ ሄዳ የማያስፈልግ ነገር ታገላብጣለች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል።

ልንሄድ ስንል ሽማግሌው ተከተሉን። "ግን ለክረምቱ፣ ሲበርዳት፣ ከሥሩ አንድ ለስለስ ያለች ነገር ብቻ..."

"አይሆንም!" አልን ሦስታችንም፣ ከመስኮቱ ካረን ጭምር።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ማርጋሬት ስትደክም ካውንተሩን ለእኔ ተወችልኝ። ሥራውን ለምትረከቡት የምለው ይኼንን ነው። ሰው የሚወደው እንስሳ ሲታመምበት መጨመር ይቀናዋል። አዲስ ፓድ ከመሸጣችሁ በፊት ያለውን አስወርዱ፤ ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያ የሚበቃውን አንድ ስጡት።